አምስት ክንድ በር

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሉል፣ የጎሬ ልጆች መምህርት፤

ደብዳቤሽ ደረሰን። የጎሬን ዝናብና ያከራየችሽን ሴትዮ ጠባይ ሁሉ አነበብን። ግን ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» እያልሽ ስለጻፍሽው፣ ሌላ ትልቅ ሰው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ። እትዬሽ የኔነሽም «ይኼ ለዳኛ የተጻፈ ማመልከቻ ነው፤ የኛ ልጅ አይደለችም» አለች። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ፣ ጆሮዬን እንደ ልጓም እየጎተትሽ «አንተ ጋሼ፣ ወደ ደቻቱ!» ስትይኝ ያደግሽ ልጅ፣ መምህርት ስለተባልሽ ብቻ አልፈራሽም። ወደ «አንተ» ተመለሺ፤ ያለዚያ መልስ የለም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው፤ የሞተ መኪና ገዝቻለሁ። ጣሊያን ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ሜዳ ላይ ጥሎት የሄደ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነው። ፍየሎች ይወልዱበት ነበር። እናት ፍየሏ ስናስለቅቃት ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዋበሪ፣ ያ መጋላ ሰፈር መኪና የሚጠግነው ወዳጄ፣ ሞተሩን ከፍቶ ብዙ ካየ በኋላ «ወርያ፣ ይኼ አልሞተም፤ ተኝቶ ነው» አለኝ። በሬ ጠምደን እየጎተትን ግቢያችን አስገባነው። አሁን እንደ ዓሣ አጥንት ባዶውን ቆሟል። በላዩ ላይ ቤት ልንሠራበት ነው። አልጋ ያለው፣ መስኮት ያለው፣ ምድጃ ያለው፣ ጎማ ላይ የቆመ ቤት።

«ምን አስፈለገ?» ብለሻል። እትዬሽን እያወቅሽ? ሙሽራ ቤቱ ይቀመጥ ሲባል እኛ በተጋባን በሳምንቱ ኤረር ወርደን ፍል ውሃው አጠገብ ግራር ሥር ያደርን ሰዎች ነን። ጅብ አንዱን የሰርግ ጫማዋን ይዞ ሄደ። ሌላውን እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ «ያኛው ሲመለስ ጓደኛውን ይጣ?» ትላለች። ይህንንም ቤት ማንም አልሠራልንም፤ ድንጋዩን ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ እያወጣን በጋሪ አመጣን። ቤቱን እኔ ሠራሁ፤ አጥሩን ግን እሷ ናት የካበችው፤ ምክንያቱም እኔ የካብኩት በመጀመሪያው ጎርፍ ሄዷል። የሷ ይኸው ቆሟል። ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ ታስታውሰኛለች።

አሁን ግን መሬት ላይ መተኛት ጀርባችንን ይወጋን ጀምሯል። ስለዚህ ቤቱን ይዘነው እንሄዳለን። የመጀመሪያው ጉዞ ወዳንቺ ነው። ለፋሲካ ጎሬ በርሽ ላይ ጥሩንባ ስትሰሚ እንዳትደነግጪ።

የኔነሽ ደህና ናት። ትንሽ ትንፋሽ ያጥራታል፤ የመጋዜ ብናኝ ነው። ፊደል ስለማትቆጥር እንደ ልማዷ የክንዷን ልክ ክር፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥራ፣ ከዚህ ጋር ልካልሻለች። «ቀሚሷን የሰፋሁበት ክንድ አልተለወጠም በላት» ብላለች።

የሞተ መኪና ባለቤት፣ አጎትሽ ወልደጻድቅ


ጎሬ፣ ኅዳር 19 ቀን 1955 ዓ.ም.

አንተ ጋሼ!

ይኸው ተመለስኩ። ደስ አለህ?

እዚህ ሁሉ ነገር እርጥብ ነው። ጠመኔው እንኳ አይጽፍም። ለተማሪዎቼ «በኛ አገር እንቁላል ሐዲድ ላይ ይጠበሳል» ብላቸው ክፍሉ በሙሉ ዋሾ አደረገኝ። ጎማ ያለው ቤት ይመጣል ስላቸው ግን ወዲያው አመኑ። አንዷ ብቻ እጇን አውጥታ «ጭሱ በየት ይወጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። አስበህበታል?

የምትቆሙበትን ቦታ አግኝቻለሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ጫካው ከሚጀምርበት አጠገብ ደልዳላ ሜዳ አለ። ጠዋት ጠዋት ጉሬዛ ዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል፤ እትዬ ከአልጋዋ ሳትወርድ ታየዋለች። ዋና መምህራችን አቶ ሀብተ ማርያም ፈቅደዋል። ግን የአጥሩ በር ለሰው ብቻ የምትበቃ ስለሆነች መስፋት አለባት። የመኪናው ወርድ ስንት ነው? በክንድ ንገረኝ፤ የእትዬ ክር በእጄ አለ፣ በሱ እለካለሁ።

የመጋዝ ብናኝ ያልከውን አላመንኩም። እትዬ እኮ የደንገጎን ዳገት በእግሯ ወጥታ ወርዳ፣ በነጋታው ቀፊራ ገበያ የምትውል ሰው ናት። እባክህ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ደግሞ እውነቱን ንገረኝ፤ ለገና ልምጣ? ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ልጅህ ሉል


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1955 ዓ.ም.

ሉሌ፤

ለገና አትምጪ። በጭነት መኪና ላይ ሳምንት ሙሉ ተንገላተሽ፣ አንድ ቀን አድረሽ ልትመለሺ? ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የኔነሽ ከኋላዬ ቆማ «ጻፍ! እኛ እንመጣለን፣ አንቺ አትነሺ፣ ብለህ ጻፍ!» እያለችኝ ነው። ጽፌያለሁ። እንግዲህ ከሷ ጋር ተነጋገሪ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የልብ ድካም ነው አላት። እሷ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ይኼን ሁሉ ዓመት ይህን ሰውዬ ተሸክሞ ባይደክም ነበር የሚገርመው!» ሐኪሙ ሳቀ። የሚስቅ ሐኪም ክፉ ነገር አይደብቅም። ጨው ቀንሺ፣ ሸክም ተዪ ብሎ ኪኒን ሰጥቶ ሸኘን። ጨውን ቀንሳለች። ሸክም ግን ትናንት ጣውላ ስታነሳ ይዣታለሁ።

ቤታችን ግድግዳ አወጣ። ጣውላው ከባቡር የወረደ የዕቃ ሳጥን ነው፤ አንዳንዱ ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ አለ፣ ገልብጬ መታሁት። መስኮቱን ከተጣለ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ አገኘሁ። ስለ መስኮቱ ሦስት ቀን ተኳረፍን። እኔ ከምድጃው በላይ ይሁን አልኩ፤ ለጭሱ፣ ያቺ ብልህ ተማሪሽ እንዳለችው። የኔነሽ «ከራስጌዬ ይሁን፣ ተኝቼ መንገዱን ልይበት» አለች። ከራስጌዋ ሆነ። ጭሱ በጣራ ይወጣል።

ለወርዱ፤ መኪናው ከነጣውላ ግድግዳው አራት ክንድ ተኩል ነው። የኛ በር አምስት ክንድ ነው፤ የኔነሽ አጥሩን ስትክብ የለካችው ነው፣ እስከ ዛሬ በቃሏ ታውቀዋለች። ግማሽ ክንድ ትርፍ አለኝ ማለት ነው፤ ዋበሪ እንኳ ሰክሮ ቢነዳው ይወጣል፣ ዋበሪ ደግሞ አይጠጣም። አንቺም በርሽን አምስት ክንድ አድርጊው።

ጣውላውን በክንዴ ስለካ በርጩማዋ ላይ ሆና ታየኝና ፈገግ ትላለች። «ምን ያስቅሻል?» ስላት «ምንም፤ አንተ ሥራህን ሥራ» ትለኛለች። ዛሬም እንዲሁ አለች። እንግዲህ ምን እንዳሳቃት እግዜር ይወቅ።

ክሯን ልካለች። ለጥምቀት መኪናው ይወጣል፤ ደጅ አውጥተን አንድ ዙር በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር እንነዳዋለን።

አጎትሽ፣ አሁን ደግሞ አናጢ


ጎሬ፣ የካቲት 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለጋሼና ለእትዬ፤

በሩ አለቀ! በእትዬ ክር አምስት ጊዜ ለካሁ፣ የድሮውን እንጨት አስነቅዬ አዲስ ምሰሶ አስተከልኩ። ዘበኛው «ለዝሆን ነው እንዴ?» አለኝ። ሜዳውንም ከተማሪዎቼ ጋር ጠረግነው።

ግን ጋሼ፣ ከጥምቀት በኋላ የጻፍከው ደብዳቤ ግራ አጋብቶኛል። መኪናው ወጣ አትል፣ አልወጣ አትል። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ሃሊሞ ፍየሎች ብቻ። ስለ ጎረቤት ፍየል ይህን ያህል የሚጻፍ ነገር አለ? መጨረሻ ላይ ደግሞ ለእትዬ ሰፊ ነጠላ ጫማ ፈልጊ አልከኝ። ጫማዋን እኮ አውቀዋለሁ። እግሯ መቼ አደገ?

አንድ ቃል እውነት እፈልጋለሁ። ልምጣ?

ሉል


አሰበ ተፈሪ፣ የካቲት 27 ቀን 1955 ዓ.ም.

ሉሌ፣ ተነሳን!

ምን ልምጣ ልምጣ ትያለሽ? መንገድ ላይ ልንተላለፍ ነው? ከላይ ያለውን ከተማ ስም አንብቢ። የምጽፍልሽ ከቤታችን ውስጥ ሆኜ ነው፤ ቤታችን ግን አሰበ ተፈሪ ገብቷል።

ደንገጎን ስንወጣ መኪናው እንደ ሽማግሌ አቃሰተ። እኔም አብሬው አቃሰትኩ። የኔነሽ መስኮቷን ከፍታ ለዝንጀሮዎቹ ሰላምታ ትሰጣለች። አንዱ ትልቅ ዝንጀሮ ቆሞ አየንና «አቦ፣ ይኼ ሰውዬ አንተን ይመስላል» አለችኝ። ቁልቢ ወርደን ተሳለምን። ከዚያ ወዲያ ብርድ ነው፤ ሁለቱንም ብርድ ልብስ ደረብኩላት። «የዚህ አገር ነፋስ ልብ ያሳርፋል» አለች። ማታ ከመንገዱ ዳር ቆመን፣ ጭሱ በጣራ ወጣ።

ሰፊው ጫማ ለመንገድ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቢ። ክሯ በውስጡ አለ።

የቀድሞ ሾፌር፣ የአሁንም ሾፌር፣ ወልደጻድቅ


አዋሽ፣ መጋቢት 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

ሉሌ፤

አጭር ደብዳቤ ነው፣ ሙቀቱ እጄን አላበው። አዋሽን አይተናል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን፣ ውሃው ከታች እንደ ክር ነው። የኔነሽ «የሉል ክር» አለችው። ዝግ ብለን ነው የምንጓዘው፤ ቀን ታርፋለች፣ አመሻሽ ላይ እንነዳለን። ለፋሲካ ሳንደርስ ብንቀር አትቀየሚን።

ወ.ጻ.


ጎሬ፣ መጋቢት 28 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለአቶ ወልደጻድቅ፤

ከአሰበ ተፈሪና ከአዋሽ የላኩልኝን ደብዳቤዎች በደንብ አንብቤያለሁ። ለተማሪዎቼም አነበብኩላቸው። ደስ ብሏቸው ካርታ ላይ መንገዱን በጠመኔ አሰመርን። ከዚያ አንዷ ተማሪዬ ቴምብሩን ላንሳ ብላ ፖስታውን ወሰደችና «የኔታ፣ ሁለቱም ላይ ድሬዳዋ ነው የሚለው» አለችኝ።

ማህተሙ ድሬዳዋ ነው። ሁለቱም።

ክሮቹንም አወጣሁ። የመጨረሻው ከፊተኞቹ በአራት ጣት ይረዝማል። ቋጠሮውም የእትዬ አይደለም፤ እትዬ በጥርሷ ነው የምታጠብቀው። ክንድ አያድግም፣ ጋሼ። ይህ የማን ክንድ ነው?

እርስዎ ሲቀልዱ አድጌያለሁ። በዚህ ግን አልሳቅሁም። ክፍሉን ለልጆቹ ትቼ ወጥቼ ከጫካው ዳር ቆምኩ። እትዬ በሕይወት አለች? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ሉል


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1955 ዓ.ም.

ሉሌ፤

በሕይወት አለች። ከሁሉ በፊት ይኼን እወቂ። አሁን ከወዲያኛው ግድግዳ በስተጀርባ ሆና «ምን እየጻፍክ ነው? እንባህ ወረቀቱን እንዳያበላሽ» ትለኛለች።

ያዝሽኝ። ማህተም የሚባል ነገር እንዳለ እንዴት እንደረሳሁት! ከሾፌርነት ዘመኔ ጀምሮ ስዋሽ የያዘኝ አልነበረም፤ በጠመኔ ያሳደግሻቸው ሕፃናት ያዙኝ። ክሩም የኔ ክንድ ነው። በዚያን ቀን እጇን መዘርጋት አቃታት፤ «ያለ ክር እንዳትልክ» ብላ ደግሞ ተቆጣችኝ። እንቅልፍ ሲወስዳት በራሴ ክንድ ለክቼ ቋጠርኩት። አራት ጣት ትለያለሽ ብዬ አላሰብኩም። የጎደለው የሷ እንጂ የኔ መርዘም አይደለም፣ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

አሁን ቀልዱን ልተወው።

ያ የሳቀው ሐኪም እሷን በር ካደረሰ በኋላ እኔን ለብቻዬ መልሶ ሲያነጋግረኝ አልሳቀም። ልቧ ለክረምቱ የሚያደርሳት አይመስለኝም አለኝ። ለሷ አልነገርኳትም። እሷም ማወቋን ለኔ አልነገረችኝም። እንዲህ ሆነን ሁለታችን ገናን ዋልን። ስለ ሕመሟ ወዳንቺ እንዳልጽፍ ግን አስማለችኝ፤ «ልጄ እዚህ ቁጭ ብላ አልጋዬን ስትጠብቅ አላያትም። እኛ እንሄዳለን በላት» አለች። እኔም የምንሄድ መሰለኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ጥምቀት ድረስ የምንሄድ መስሎኝ ነበር።

ለጥምቀት ከተራ መኪናው አለቀ። ዋበሪ መጣ፣ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ስሎ ተነሳ፣ ሃሊሞ ከጎረቤት እልል አለች፣ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ተሰበሰበ። የኔነሽ መስኮቷ ላይ ነጠላዋን አሳምራ ተቀመጠች። ነዳሁት። በራችን ላይ ሲደርስ ሁለቱም ጎኑ ድንጋዩን ነክቶ ቆመ። ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፤ አይሆንም። ወርጄ በሩን ስለካ አራት ክንድ ከአራት ጣት ነው። መኪናው አራት ተኩል። በሬ ጎትቶ ሲያስገባው ባዶ አጥንት ነበር፤ ይኼ ሁሉ ግድግዳ አልነበረውም። «ይኼ በር ጠቧል! ድንጋይ ያብጣል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

የኔነሽ መስኮቷ ላይ ሆና ትስቅ ጀመር። ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። «አምስቱ ክንድ እኮ በኔ ክንድ ነው» አለችኝ። «አጥሩን የካበው ማን ነው?»

አየሽ፣ ሉሌ። በሩ በሷ ክንድ፣ መኪናው በኔ ክንድ። እኔ ጣውላ ስለካ በርጩማዋ ላይ ሆና ፈገግ የምትለው ለዚህ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች። ሰዉ ከተበተነ በኋላ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ብነግርህ አስተካክለህ ቶሎ ትጨርስ ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ትነሣና ተነሺ ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንደማልችል አውቃለሁ። መዶሻህን እየሰማሁ መተኛት ለመድኩ።»

አጥሩን ላፍርስ አልኳት። «በእጄ የካብኩትን በዓይኔ እያየሁ አታፈርስም። እኔ ሳልኖር አፍርሰው» አለች። እኔም አልገፋሁም። መኪናው አይወጣም ማለት፣ የኔነሽ አትችልም ከማለት ይቀላል።

ከዚያ ወዲህ የምንኖረው መኪናው ውስጥ ነው። አመሻሽ ላይ መሪው ጋ እቀመጣለሁ፤ ከኋላዬ ባለችው ትንሽ መስኮት «ዛሬ የት ነን?» ትለኛለች። ያንን መንገድ በጎልማሳነቴ ቡና ስጭንበት አውቀዋለሁና ኩርባ በኩርባ እነግራታለሁ። የጻፍኩልሽ ሁሉ እንዲሁ የነገርኳት ነው። ዝንጀሮውን ግን ራሷ ናት የጨመረችው።

ፋሲካን አዲስ አበባ ዋልን። ትናንት ጂማ ገባን። እየቀረብንሽ ነው፤ ግን ትንፋሿ እያጠረ፣ ጉዟችንም በየቀኑ እያጠረ ነው። መሐላዬን አፍርሻለሁ። ነይ። እኛ አንደርስም። አንቺ ነይ።

ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ልጄ ሉል፤

ይህን የምታነቢው አቶ ሀብተ ማርያም ከጎረቤት ሴቶች ጋር በማለዳ ቤትሽ መጥተው ከነገሩሽ በኋላ ነው። ለሳቸው ለብቻቸው ጽፌላቸዋለሁ። መርዶ በፖስታ አይላክም፤ ሰው ብቻውን ቆሞ ከወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ የለበትም። ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ እንዲኖር ነው። ይያዙሽ። እኔን ዋበሪ ነው የያዘኝ።

በግንቦት ልደታ ሳምንት፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። አጋሮን አልፈን ዴዴሳ ዳር ደርሰን ነበር። «ሞልቷል?» አለችኝ። «ሞልቷል» አልኳት፤ ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም፣ ድልድዩን አሻግሬያት ማለፍ እችል ነበር፤ ውሃውም መኪናውም የኔ አፍ ውስጥ ነው ያሉት። «እንግዲያው ዛሬ እዚሁ እንደር» አለች። «ሲጎድል ትሻገራለህ።» ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ ስለ ማዶው ጫካ ስነግራት ቆየሁ። ስለ ጉሬዛው፣ ስለ ሜዳሽ፣ ስለ በርሽ። ትጠይቀኛለች ብዬ ወሬዬን ሳቋርጥ፣ አልጠየቀችኝም።

ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አልነበረም፤ ግቢውን መኪናው ሞልቶታል። ስለዚህ ለቀስተኛው እዚያው መኪናው ውስጥና ሥር ተቀመጠ። ሃሊሞ የኔነሽ አልጋ ላይ ተቀምጣ በሶማሊኛ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነሥታ አልጋውን አነጠፈችና «ዋላሂ፣ እሷ እንዲህ አልተወችውም ነበር፣ አሳምራ ነበር የምታነጥፈው» አለች። ዋበሪና የሾፌርነት ጓደኞቼ የመኪናው መሰላል ሥር ካርታ ተጫወቱ። የኔነሽ ብታይ ከሁሉም ጋር ተቀምጣ ታጭበረብራቸው ነበር። ከሰባት ያላነሰ ሰው በዚያ ጎማ ቤት ውስጥ አደረ። የተሠራው ለሁለት ነበር።

ስንወስዳት በበሩ አለፈች። አምስት ክንዱ ለሷ ተርፏት ነበር።

ደብዳቤ አለመጻፍሽን አልቆጥርብሽም። «ነይ» ያልኩሽ ደርሶሽ ተነሥተሽም ከሆነ፣ የመንገዱን ክፋት አውቀዋለሁ። ብቻ እንዳትጸጸቺ። ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ።

ጋሼሽ


ጎሬ፣ ሰኔ 17 ቀን 1955 ዓ.ም.

አንተ ጋሼ፤

«ነይ» ያልክበት ደብዳቤ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። በነጋታው የቡና መኪና ላይ ተነሣሁ። በደሌን አለፍን። ዴዴሳ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ድልድዩን አስጨንቆት፣ ውሃው በላዩ ያልፍ ነበር። ሾፌሩ «ይጎድላል» አለ። መኪናዎች በወዲህም በወዲያም ተሰልፈው ቆሙ። ሐሙስም ዓርብም እዚያው አደርን፤ ከኋላ ጆንያ ላይ ተኛሁ። ማዶ ያሉት መኪኖች መብራት ይታይ ነበር። ቅዳሜ ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞረ።

ደብዳቤህን ሳነብ ቀኑን ደጋግሜ አየሁት። ዓርብ ነው። እናንተ በወዲያ ዳር፣ እኔ በወዲህ ዳር። ለማንም አልነገርኩም፤ ላንተ ብቻ።

ሴቶቹ ማለዳ ሲመጡ ገና በሩን ሳልከፍት አወቅሁ። አቶ ሀብተ ማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። እንዳልከው ያዙኝ።

አልቆጣህም። ተቆጥቼህ ነበር፤ ከዚያ ማታ ማታ መሪው ጋ ተቀምጠህ ስትነዳላት ሳስብ ቁጣዬ ጠፋ። ግን ከእንግዲህ ስትዋሽ ፖስታ ቤት አታድርስ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ትናንት ወደ ሜዳው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። እኔም በእትዬ ክር ነው የለካሁት። አምስት ክንድ። አንተ ብትመጣ መኪናህ እዚህም አይገባም። ዘበኛው «እናስፋው?» ሲለኝ አይሆንም አልኩት። ልክ ነኝ?

ክሮቿ አሉኝ። ያንተን ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።

ሉል


በደሌ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ሉሌ፤

መጀመሪያ ማህተሙን እይ። አየሽ? ተማሪዎችሽም ይዩት። ያቺ ቴምብር የምታነሳው ልጅ እንዳትነካው፤ መጀመሪያ ታንብበው።

አርባዋን ካወጣን በኋላ አጥሩን አፈረስኩ። የበሩን አንዱን ምሰሶ ብቻ ነው፤ ከዋበሪ ጋር ድንጋይ በድንጋይ እያነሳን ከግድግዳው ሥር ደረደርነው። ምን ያህል እንደጠበቀ አታምኚም፤ ዋበሪ «ይህች ሴት ጭቃ ሳይሆን ጥርስ ነው ያደረገችበት» አለ። ክረምቱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አሁን በተከፈተው በኩል የሃሊሞ ፍየሎች ይገባሉ፤ እንግዲህ ስለነሱ ሁለት ገጽ እንድጽፍልሽ ካስፈለገ አለኝ።

ደንገጎን ስወጣ መኪናው እንዳልኩት አቃሰተ። ዝንጀሮውም እውነት ነው፤ እዚያው ቆሞ ነበር። ልክ ነበረች፣ እኔን ይመስላል።

ዴዴሳን ትናንት ተሻገርኩ። ውሃው ጎድሏል። በወዲያ ዳር መኪናዋን አቁሜ፣ እሷ «እንደር» ያለችበት ላይ አንድ ሌሊት አደርኩ። በወዲህ ዳር ደግሞ ያንቺ መኪና የቆመበት ይሆናል ብዬ ሌላ ሌሊት አደርኩ። መስኮቱን አልዘጋሁትም።

እዚህ የጎማው ባልስትራ ብረት ተሰብሮብኝ ቆሜያለሁ። የበደሌው ብረት ቀጥቃጭ ሁለት ቀን ብሏል፤ አራት ማለቱ ነው። ደብዳቤው ቀድሞኝ ይደርሳል ብዬ ነው የጻፍኩት።

አጥሩን ስመለስ እንደገና እክበዋለሁ። የምክበው ግን በኔ ክንድ አይደለም። ለዚህ ነው የመጣሁት፣ ከማየትሽ ሌላ። ልኳ አንቺ ዘንድ ብቻ ነው ያለው። እኔ በቤቷ ውስጥ ብፈልግ ነጠላዋን፣ የሰርግ ጫማዋን፣ የተነከሰ ክር ጫፍ አገኘሁ፤ ክንዷን ግን የትም አላገኘሁትም። አንዱን ክር ትሰጪኛለሽ። ሌሎቹ ያንቺ ናቸው።

በርሽን ያልሽው ልክ ነሽ። አታስፊው። ዘበኛው እንዳይነካው ንገሪው። ጥሩንባውን እነፋለሁ፣ መኪናዬን ውጪ ከጫካው ዳር አቆማለሁ፣ በሷ ክንድ በተለካው በር በእግሬ እገባለሁ።

ጋሼሽ ወልደጻድቅ